ያጠረው ፓተር

ሰገን የሻይ ብርጭቆ የያዘውን ሰሐን በአንድ እጇ ይዛ የሳሎኑን በር ልትገፋ ስትል የባሏን ድምፅ ሰማች። ሚልዮን የስልኩን እጀታ ወደ አፉ አስጠግቶ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። «ታዲዎስ፣ ለዛሬው የጎልፍ ውድድር ብቻ ነው የምልህ። ጽገረዳን ለእኔ ስጠኝና አንተ ሰገንን ውሰድ። ማለቴ፣ ሩቁንማ አሳምራ ነው የምትመታው። ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ይርበተበታል፤ በቃ፣ ያለቀለትን ነገር ታበላሸዋለች።» ታዲዎስ ከወዲያ የሚለውን ሲያዳምጥ ቆየና «የጥንዶቹ ዝርዝር ተለጥፏል?» አለ። «እሺ፣ ከተለጠፈ ምን ይደረጋል። ተወው። አደራህን ግን፣ እንዳትሰማ።»

ሰገን እንዳመጣጧ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ሰሐኑ ላይ የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ ጠረገች፣ ጥቂት ቆየች፣ ከዚያ ኮቴዋን ጠንከር አድርጋ እንደገና መጣች። ሚልዮን መስኮቱ ጋ ቆሞ ክራባቱን ያስራል። «አየሩ እንዴት ያምራል ዛሬ» አላት። «ያምራል» አለችው። ሻዩን እንደቆመ ጠጣው። ቅዳሜም ቢሆን እስከ ስድስት ሰዓት የሚሠራበት የመለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ደንበኞች ከጠዋት ጀምረው ይሰለፋሉ። «በስምንት ሰዓት ነው የምንጀምረው። እኔ ከቢሮ በታዲዎስ መኪና እመጣለሁ፣ አንቺ ቦርሳውን በላዳ ይዘሽ ነይ። ፓተሩን ደግሞ እንዳትረሺ» አለና ጉንጯን ስሟት ወጣ። እሷም ስማዋለች። የግቢው በር እስኪዘጋ ጠበቀችና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከተናገረው ሁሉ የቆረቆራት «እንዳትሰማ» ያለው ነበር። አንድ ሰው ስለሌላው ሰው ሕመም ለሐኪም ሲያወራ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር ያወጣው።

ጎልፍን ያስተማራት እሱ ነው። እሱን ያስተማረው ደግሞ የቀድሞ አለቃው ሲሆን፣ አለቅየው ሲሞት ሚልዮን ጨዋታውን እንደ ውርስ ይዞት ቀረ። በካዛንቺስ ሰፈራቸው አንድም ሰው ሥራዬ ብሎ የማያውቀውን ጨዋታ ባልና ሚስት ቅዳሜና እሑድ ኦልድ ኤርፖርት እየሄዱ ሲጫወቱ፣ ጎረቤቱ ገና ከጅምሩ «እነ ዱላ» የሚል ስም አወጣላቸው። ዱላዎቹን ያገኙት አንድ በአንድ ነው። ከተማውን ለቀው ከሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች፣ ከናይሮቢ ከሚመለስ ዘመድ። ከሁሉም ሚልዮን የሚሳሳው ለፓተሩ ነበር። ኳሷ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የታጨደበት ግሪን ላይ ከደረሰች በኋላ ወደ ቀዳዳዋ የሚገፏት በዚህ ጠፍጣፋ አፍ ባለው ዱላ ነው። ከጨዋታ መልስ በወይራ ዘይት በነካካው ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ቦርሳው ውስጥ ሲያስገባው ካልሲ ያለብሰዋል። ለሁለቱም ያለው ይኸው አንዱ ነበር። ችግር ሆኖም አያውቅም፤ እሱ ይመታል፣ ያቀብላታል፣ እሷ ትመታለች።

ሰገን ተነሥታ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋች፤ ምንጣፉን ዘረጋች፤ ባዶውን ብርጭቆ በጎኑ አጋደመችና ፓተሩን ካልሲውን አውልቃ ያዘች። አንዴ መታች። ኳሷ ከብርጭቆው በስተግራ አልፋ ከቁም ሳጥኑ እግር ጋር ተጋጨች። ደገመች፤ በቀኝ አለፈች። ሚልዮን ሁልጊዜ የሚላትን ለራሷ አለች፤ ትከሻሽን ልቀቂ፣ ራስሽን አታንቀሳቅሺ፣ አትፍሪ። አሁን ማንም አያያትም፣ የምትፈራውም የለም፤ ኳሷ ግን እንደፈለገች ትሄዳለች። ከባሏም ከማንም የማትዋሰው የራሷ ፓተር ያስፈልገኛል ብላ አሰበች። ባሏ ጽገረዳን ከሰው በውሰት እየጠየቀ እሷ ከባሏ የተዋሰችው ዱላ እጇ ላይ መሆኑ ድንገት አናደዳት። ደምበል ሕንፃ ውስጥ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሳታይ አልቀረችም። ፓተሩን ለማነጻጸሪያ በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ከሩቅ ጃንጥላ ይመስላል። ወጣች።

ከተማው የሚሌኒየሙን በዓል ካከበረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር፤ መስመሩ ሁሉ ጸሐይ የበላቸው ባንዲራዎች የመብራት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለውበታል። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ስትወርድ መኪናው ቆሞ ሰዉ ነበር የሚሄደው። የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፤ አንዱ «ማዘር፣ ጃንጥላ በጸሐይ?» ብሎ አሳቃት። ሌላ ቀን ቢሆን ለሚልዮን እነግረዋለሁ ብላ ትይዘው ነበር። ዛሬ የምትነግረው ነገር እንደሌላት ትዝ ሲላት ሳቋ ጠፋ። አብረው የኖሩበትን ጊዜ ስታስብ፣ ሊነግራት የፈራው ነገር ይኖራል ብላ ጠርጥራ አታውቅም። ደፋር ሰው ነው። ለሻጭም ለዘመድም ፊት ለፊት ይናገራል። እሷን ግን በስልክ፣ በር ዘግቶ፣ ለሰው ሊያዞራት ሞከረ።

የስፖርት ዕቃ ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋዲሳ የሚባል፣ ስሙን ደረቱ ላይ የለጠፈ ወጣት ሻጭ፣ የመሮጫ ማሽኖቹን አልፎ ወደ ጥግ ወሰዳት። «ጎልፍ ብዙም ፈላጊ የለውም ማዘር፣ ያለን አንድ ነው፤ ኦርጅናል ነገር ነው» አለና ከፕላስቲክ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ፓተር አወጣ። ዋጋው የእሷን የግማሽ ወር ደመወዝ ያህል ነው። ቢሆንም ያዘችው፤ ልትመታ ቆመች፤ አፉ ወደ ኋላ ዞሯል።

«ይኼ የግራኝ ነው» አለችው።

«ግራኝ አይደሉም?»

«አይደለሁም።»

«ይለምዱታል ማዘር» አለ ጋዲሳ፣ ከልቡ። ከዚያ ራሱም ሳቀ። እንዳትሄድበት ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ካርቶን ጎተተ። የልጆች ነበር፤ ሦስት አጫጭር ዱላዎች፣ ቀያይ ኳሶች፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የውሸት ቀዳዳ። «ለልጅ ልጅ ይሆናል» አላት። ልጅ ልጅ የላትም፤ እግዜር ልጅም አልሰጣቸውም። ትንሿን ፓተር ተቀበለችው። ከመመለሷ በፊት፣ ለይሉኝታ ያህል፣ የሱቁ ምንጣፍ ላይ ቆማ አንዷን ቀይ ኳስ ገፋቻት። ኳሷ ዝም ብላ ሄዳ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች። ጋዲሳ አጨበጨበ። ሰገን ኳሷን መልሳ አስቀመጠችና እንደገና መታች፤ ገባች። ራቅ አለች፤ ገባች። ክንዶቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር፤ ክርኖቿ ከጎኗ ጋር አይጋጩም፤ ዓይኗ በቀጥታ ኳሷ ላይ ነው። እጇ አልተርበተበተም። ነጠላውን ፈታ የሚልዮንን ፓተር አጠገቧ አቆመችው። ለእሷ እንደ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ነበር የሚረዝማት።

የልጆቹ ዱላ ለቁም ነገር እንደማይሆን ታውቃለች፤ አፉ እንደ ማንኪያ ቀላል ነው፣ ከካርቶኑም ነጥለው አይሸጡትም። ካርቶኑ የታሰረበትን ሲባጎ ለመነችውና የትንሿን ፓተር ቁመት ለካች፤ ትልቅ ሰው ስለሆነች ትንሽ ጨመረችበትና ቋጠሮ አሰረች። «ምን ሊያደርጉበት ነው?» አላት ጋዲሳ። «እኔም ገና አላወቅኩም» አለችው። ውሸቷን ነበር። ደረጃውን ስትወርድ ወዴት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥሮች መካከል፣ ደጋጋ የሚባሉ ብረት ሠሪ አሉ። የእነ ሰገንን የግቢ በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስትደርስ የአልጋ እግር እየበየዱ ነበርና መከላከያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ወይዘሮ ሰገን! በሩ ተበላሸ እንዴ?»

«በሩ ደህና ነው ጋሽ ደጋጋ። ይህን እንዲቆርጡልኝ ነው።» ፓተሩንና ሲባጎውን ሰጠቻቸው።

አገላብጠው አዩት። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። «ጥሩ ብረት ነው» አሉ። «የማን ነው?»

«የቤታችን።»

«አቶ ሚልዮን ያውቃሉ?»

ሰገን ወደ አጥሩ ተመለከተች። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቅዳሴ ያስቀደሱ ሰዎች በነጠላ እየተሸፈኑ ይወጣሉ። «ማታ ያውቃል» አለች። ደጋጋ ሲባጎውን ፓተሩ ላይ ለኩት። እንቢ እንዲሏት ግማሽ ልቧ ተመኘ። እሳቸው ግን ጉዳዩን የሚመዝኑት ከብረቱ አንጻር ብቻ ነበር። «እንግዲህ ከታች ከተቆረጠ ተበላሸ። ላስቲኩን አውልቀን ከላይ ነው» አሉና የመያዣው ላስቲክ ውስጥ ቤንዚን አንጠባጠቡ፤ እያሹ አወለቁት፤ ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልለው መቆንጠጫው ላይ አሰሩት። መጋዙ ሲነካው የወጣው ድምፅ ጥርሷን አሳከካት። አሁን ተዉት ብትል ጭረት ብቻ ነው የሚሆነው። ትንሽ ቆይታም ብትል ያው ነው ብላ አሰበች። እያሰበች ሳለ ቁራጩ መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

ላስቲኩን መልሰው አጥልቀው ሰጧት። ሲሚንቶው ላይ ቆመች፤ ደጋጋ አንድ ብሎን ጣሉላት፤ ገፋችው፤ አልጋው እግር ሥር በቀጥታ ሄደ። «ለእርስዎ የተሠራ ይመስላል» አሉ ደጋጋ። እሷ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፣ ወዲያውም ፈራች። ቤቷ እስክትደርስ ሁለቱ እየተፈራረቁባት ነበር። ካልሲውን አልብሳ ቦርሳው ውስጥ አስገባችው።

በስምንት ሰዓት ሜዳው ላይ ተገናኙ። ውድድሩ ጥንዶች አንድ ኳስ እየተቀባበሉ፣ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው የሚመቱበት ነው። ከእነሱ ጋር የሚዞሩት ታዲዎስና ሚስቱ ጽገረዳ ናቸው። ጽገረዳ ረጅምና ዘንካታ ሴት ናት፤ ቁመቷ ከሚልዮን አይተናነስም። ሰገንን አቅፋ ሳመቻት፤ ነገሩን እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቃል። ታዲዎስ ግን ከሩቅ ሰላም አላት።

ሚልዮን የመጀመሪያውን መታ። ሰገን ሁለተኛውን አሳምራ ግሪኑ ላይ አወጣችው። «እሰይ!» አላት ባሏ፤ እጁንም ወደ ቦርሳው ሰዶ ፓተሩን መዘዘ። ዱላው ካሰበው ቀድሞ ወጣለት። ካልሲውን አወለቀ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ዕቃ የመጣ መስሎት አፉን አየ፤ አፉ የራሱ ነው።

«ሰገን!»

«አቤት።»

«ምን ሆኖ ነው ይኼ?»

«አጥሮ ነው።»

«እንዴት አጠረ?»

«በመጋዝ።»

ታዲዎስ ፊቱን አዞረ። ሚልዮን ወደ እሷ ተጠጋና፣ ሰው እንዳይሰማ በትግርኛ፣ አብደሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሲናደድም ሲያዝንም ወደ ትግርኛ ነው የሚገባው። እሷ ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ፣ «አላበድኩም። ተራው ያንተ ነው፣ ምታ» አለችው። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጸና።

ሌላ ዱላ አልነበረም። ሚልዮን ጎነበሰ። ያ ቁመናው የተከበረ ሰውዬ ውኃ ልትጠጣ እንደምትወርድ ቀጭኔ እግሩን ከፈተ፤ ጉልበቱን አጠፈ፤ ኳሷን ገፋት፤ ኳሷ በግማሽ መንገድ ቆመች። ሰገን ቀጠለች። ክንዶቿ ተንጠለጠሉ፣ ዓይኗ ኳሷ ላይ ዐረፈ፣ ኳሷም ሄዳ ገባች። ጽገረዳ «ጎሽ የኔ እመቤት!» አለች። በሁለተኛውም ቀዳዳ በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ሩቁን ሁለቱም ይመቱታል፤ ግሪኑ ላይ ሲደርሱ እሱ ይስታል፣ እሷ ታገባለች። ፓተሩን ሲያቀብላት ዓይኗን አያያትም። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲሄዱ በመካከላቸው ለሦስተኛ ሰው የሚበቃ ክፍተት ነበር።

የባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ሲደርሱ ታዲዎስና ጽገረዳ የጠፋች ኳሳቸውን ሊፈልጉ ሣር ውስጥ ገቡ። ሚልዮን ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«አንቺ በረጅሙ ስትመቺ እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማሽ?»

«አንተን ወገብህን ነው የሚያምህ። እኔ ደግሞ ክርኔ መግቢያ ያጣል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት። እጄ የሚርበተበት ነበር የሚመስለኝ።»

የጠዋቱን የራሱን ቃል ለየው። ፓተሩ ላይ የነበረው ጣቱ ቆመ። «ሰምተሻል» አለ።

«ጽገረዳን ቢሰጥህ ጥሩ ነበር። ረጅም ናት፤ ዱላህን አትቆርጥብህም።» በቀልድ ልትለው ነበር ያሰበችው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ቀልድ አልነበረም።

«ፈርቼ ነው» አለ ሚልዮን።

«መሸነፍ?»

«ኧረ ሽንፈቱስ ይቅር። ስትስቺ ቤት ድረስ ሳትናገሪ ነው የምትሄጂው። ራት ታቀርቢልኛለሽ፣ አንቺ አትበዪም። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ የሰው መዓት አለ... ከሌላ ሰው ጋር ብትስቺ ቢያንስ በእኔ ፊት አታፍሪም ብዬ ነው። እንጃ። ክፉ ነገር ነው ያደረግኩት።»

ሰገን አየችው። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማምለጫ እንደሆነ ገባት፤ እውነቱ ግን ከማምለጫው ይበልጥ ነበር። ራቷን ሳትበላ ማደሯን ያያል ብላ አስባ አታውቅም። «መሳቱን ብቻዬን የምስተው መስሎኝ ነበር» አለችው። ከዚያ እነ ታዲዎስ ኳሷን አገኙና ጠሯቸው። ሚልዮን ቦርሳውን ከትከሻዋ ወስዶ ተሸከመ፤ እስከ መጨረሻውም ክፍተቱን ዘግተው ሄዱ።

ከፀሐይዋ መዘቅዘቅ ጋር የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደረሱ። ሁለቱ ጥንዶች እኩል ነበሩ፤ እነ ታዲዎስ የመጨረሻዋን አስገብተው ጨርሰዋል። ሰገን ከሩቅ የገፋቻት ኳስ የቀዳዳዋ አፍ አጠገብ ቆመች፤ ለእነ ሚልዮን የቀረችው አንዲት ትንሽ ግፊት ናት፣ ተራው ግን የሚልዮን ነው። ሌሎች ጥንዶች ጨርሰው ዳር ቆመው ያያሉ። ሚልዮን ጎነበሰ፤ አልተመቸውም፤ ቀና አለ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። እንደገና ጎነበሰ። ሰገን እጆቹን አየች። እየተንቀጠቀጡ ነው። «አትቸኩል፣ አለሁ» አለችው፣ በትግርኛ፣ ዝቅ አድርጋ። ገፋት። ኳሷ የቀዳዳዋን ከንፈር ዞራ ወደ ውጭ ወጣች።

ተሸነፉ። የክለቡ በረንዳ ላይ አምቦ ውኃ ይዘው ሲቀመጡ ታዲዎስ ድል አድርጎ ነበርና ምላሱ ተፈታ። «ሚልዮን፣ የጠዋቱን ጥያቄህን አሁን ብትደግመው እሺ ነው የምልህ!»

«ምን ጠይቆህ ነው?» አለች ጽገረዳ።

ታዲዎስ የተናገረው ነገር ገና ያኔ ገባውና ብርጭቆውን ጨበጠ። ሚልዮን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰገንን ወስዶ አንቺን እንዲሰጠኝ ጠይቄው ነበር፤ ታበላሽብኛለች ብዬ» አላት። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የገቡልን ሁሉ የእሷ ናቸው።» ጽገረዳ «ወይ አንተ!» ብላ ትከሻውን መታችው፤ ባሏንም ለማታ ቀጠሮ እንደያዘችለት በሚያሳይ ዓይን አየችው። ሰገን ውኃዋን ጎንጨት አለች። ፊቷ ሞቀ። ሰው ፊት እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም።

ካዛንቺስ ከላዳው ወርደው ወደ ቤት ሲገቡ ሚልዮን አንድ እጁ ወገቡ ላይ ነበር። «ለእኔ ሌላ እንፈልጋለን» አለ።

«ይኼ የኔ ነው ማለት ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ማን ይችለዋል?»

ቤት ገብቶ መብራቱን አበራ፤ ቦርሳውን አስቀመጠ፤ ክራባቱን ፈታ። ከዚያ አንድ ነገር እንደጠፋው ሰው ቤቱን ዙሪያውን ያይ ጀመር። «ሌላስ?» አላት።

«ሌላ ምን?»

«በእኔ ቁመት የሠራሁት። ምስማሩን ሁሉ የመታሁት እኔ ነኝ።»

ሰገን «ምንም የለም» ልትል ነበር። ነጠላዋን ስታወልቅ ግን ዓይኗ በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው መስታወት ሄደ። ቤቱን የተከራዩ ጊዜ የሰቀለው ነው። እሷ በእሱ ውስጥ ፀጉሯንና ግንባሯን ብቻ ነው የምታየው፤ ሊፕስቲክ ስትቀባ በእግር ጣቷ ትቆማለች፤ ነጠላዋ መዛባቱን የሚነግራት መንገደኛ ነው። ሚልዮን ዓይኗን ተከትሎ አየ። አልጠየቃትም። መዶሻ ይዞ መጣ፤ መስታወቱን አወረደ፤ አዲሱን ምስማር ዝቅ አድርጎ መታ። አሮጌው የጭቃ ግድግዳ ልስኑ ተፈርክሶ ወለሉን አቧራ አለበሰው፤ ምስማሩ ሁለት ጊዜ ወለቀ። በስተመጨረሻ ያዘ።

ሰገን ፊቱ ቆመች። ሙሉ ፊቷን፣ አንገቷን፣ የቀሚሷን አንገትጌ አየች። የድካም መስመሮቿን ሳይቀር አየች፤ ደስ አላት። ሚልዮን ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ያለው የሱ ደረትና የተፈታው ክራባት ብቻ ነው።

«እኔ የለሁም» አለ።

ሰገን ሳቀች። የሳቋ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «በል ትንሽ ከፍ አድርገው።»

«እስከ የት?»

«አንተም እስክትገባ። እኔ አገጬ ከታየኝ ይበቃኛል።»

መዶሻውን አነሣ።